ዋጋ የለውም

ዕጣ ወጣብኝና፣ እኔ የወደቡ ጸጉር ቆራጭ፣
ያን እሁድ ሙሉ ሆንኩ ወረቀት አዳይ፣ ቆጣሪ፣ መራጭ።
በፔሩ ጠረፍ ላይ፣ ጉም በማይለቃት በካሌታ ሳልቪያ፣
ከአንደኛ ክፍል ልጆች የፊደል መማሪያ፣
ጉልበቴን አጣጥፌ በትንሽ ወንበር ላይ፣
ሰው ሲገባ ሳይ፣ ሰው ሲወጣ ሳይ።

ለከንቲባነት ሁለት ቀርበዋል።
ዶን አስካኒዮ አንዱ፣ የመርከብ ማረፊያውን ሲሚንቶ የበላ፣
(ግማሹ ዛሬም ባሕር ላይ ቆሟል፣ እንደተሰበረ ባላ፤)
ሌላው ባልታሳር፣ ጢሙ ገና ያልጠና፣ ቃሉ እንደ ሳሙና፣
አረፋው ብዙ ነው፤ ጨበጥሁት ስትል ያመልጣል እንደገና።
የሁለቱንም ጉሮሮ በምላጬ አውቃለሁ፤
አንዱ ሲዋሽ ይውጣል፣ ሌላው ሲዋሽ ይስቃል፤ ከሁለቱም ዱቤ አለኝ፣ እጠብቃለሁ።

ሕጉ ግድ ይላል፤ ያልመረጠ መቀጮ ይከፍላል፣
ስለዚህ ሁሉም መጣ፤ ግማሹ ይራገማል፣ ግማሹን ጉሙ አፍኖት ይስላል።

ኤርሜሊንዳ ገባች፣ ዓሣ መዛኝ ናት፤
የጎማ ጫማዋ ወለሉን አራሰው፣ ክርኗ ላይ ያበራል ደርቆ የቀረ ቅርፊት።
ከካርቶኑ ጀርባ ቆየች። ቆየች። ሰልፉ አጉረመረመ፦
«ሴትዮ፣ ሁለት ስም ለመለየት ሰው እስከዚህ ከረመ?»
እሷም ድምፅዋን ሳታነሳ፣ ከዚያው ከካርቶኑ ጀርባ፦
«እኔ ከምሠራበት ሁለት ሚዛን አለ፤ ሁለቱም ሌባ።
አንዱ በየኪሎው መቶ ግራም ያጎድላል፣ ሁልጊዜ፤
ሌላው አመለኛ ነው፤ ማለዳ ሃምሳ ይሰርቃል፣ አራት መቶ በምሳ ጊዜ።
ዓሣው ግን ይሸታል። ‹ሚዛን ከሰማይ ይውረድ› ብዬ እጄን ባጣጥፍ፣
የአጥማጁ ልጆች እራት ነው አብሮ የሚያልፍ።
ስለዚህ እመርጣለሁ፣ የስርቆቱን ልክ የማውቀውን፤
በጠመኔ እጽፋለሁ፣ እመልሳለሁ የጎደለውን።
ማመን አይደለም ይኼ። ዓይንን አለመንቀል፤
ሥራዬ የሚጀምረው ማግስቱን ነው፣ ከደጁ እንደ አበዳሪ ስውል።»
ጣቷን ከወይንጠጁ ቀለም ነከረች። ወጣች።
ሰልፉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። አርጅታለች፣ ዘላበደች።

የኔ ተራ ደረሰ፣ ከቀትር በኋላ፤
እኔ ንጹሕ ሰው ነኝ፣ በእጄ አይሾምም ሲሚንቶ የበላ!
አረፋውም አይሾምም! በብዕሬ ጫፍ፣
ከሁለቱም ፎቶ ላይ ዓሣ ሳልሁ፤ ባርኔጣ የደፋ፣ የተከፈተ አፍ።
ኮሮጆው ውስጥ ጣልሁት። ደረቴ ቀለለ፤
ኅሊና እንዲህ በርካሽ ከጸዳ፣ እሰየው፣ ምን አለ!

ማታ ኮሮጆው ተከፈተ። አምፖሉ ይርገበገባል።
መምህርት ሶኮሮ ወረቀቱን ትዘረጋለች፤ እኔ ጮክ ብዬ አነባለሁ፤ ሕጉ እንዲህ ይላል።
አስካኒዮ። ባልታሳር። ባልታሳር። ባዶ።
አስካኒዮ። ስድብ። አስካኒዮ። ሌላ ስድብ። ባልታሳር። ባዶ።
ከዚያ ዓሣው መጣ።
ባርኔጣውን አውቀዋለሁ። ላቤ ወጣ።
ሶኮሮ ጠበቀች። ታዛቢዎቹ አንገት አሰገጉ።
የገዛ ንጽሕናዬን ጠራሁት በሕጉ፦
«ዋጋ የለውም» አልሁ፤
ድምፄ ለራሴ እንግዳ ሆነ፤ ሌላ ሰው መሰልሁ።

አንዱ በዘጠኝ ድምፅ አለፈ። ዓሣው፣ ስድቡ፣ ባዶው፣ ሲደመር መቶ አርባ።
ማን እንዳለፈ አልነግራችሁም። የወደቀው መልአክ አልነበረም፤ ሁለቱም ሌባ።
ብቻ በዚያ ክረምት ከክሊኒኩ የሌሊት ነርሷ ተባረረች፤
ሶኮሮ ልጇን በትኩሳት አቅፋ፣ በተዘጋ በር ላይ አነጋች።
ልጁ ተርፏል።
ጸጉሩን ስቆርጠው ዓይን ዓይኔን ያያል።

ከንቲባው ሊላጭ መጣ። ጉሮሮውን ሰጠኝ ተዝናንቶ፤
«መቼም አንተ መርጠኸኛል» አለ፣ በአረፋው ውስጥ ፈገግታውን ዘርግቶ።
ቀለሙ ከጣቴ ለቋል፤ እኔ ግን ያን ጣት ሸሸግሁ።
ዓሣ ምን አንደበት አለው? ላጨሁት። ጠረግሁ።

ሲወጣ የዱቤ መዝገቤን ገለጥሁ፤
ከስሙ ትይዩ፣ ካልከፈለው የጺም ዋጋ ሥር፣ ጻፍሁ፦
«አንዲት የሌሊት ነርስ።»
ነገ ማለዳ ከማዘጋጃው ደረጃ ላይ ነኝ፣
ከኤርሜሊንዳ ጎን፣ ወንበሬን ይዤ፣ በሩ እስኪከፈት ድረስ።